ዓሣ ያለ ዓሣ ዱቄት ያድጋል፣ በሻገተ ፋጉሎ ግን አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ዓሣ እርባታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል፣ ስለ ዓሣ የሚጽፍልን ጋዜጣ ብዙ የለም። ግን አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር አልተስማማሁም። የዓሣ ዱቄት ከውጭ በዶላር ካልገባ እርባታችን የትም አይደርስም ይላሉ። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚነግሩኝ፤ ኩሬ የቆፈረ ሁሉ ያገኘውን ፋጉሎና ፉርሽካ ቀላቅሎ ይበትናል፣ ከዚያ ዓሣው ለምን አላደገም ብሎ ይገረማል። እኔ ሁለቱም መንገድ አያዋጣም ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ በምሠራበት ሥራ ላስረዳ።

የምኖረው አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት ነው። የምሠራው የትራውት መኖ በሚመረትበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፣ የሳልመን ዘመድ። እኛም አገር አለ፤ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ፣ ወይብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል፣ ዶዶላንና ጎባን የሚያውቅ ሰው ሳይሰማ አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ ለምግብ ከሚረባው ትራውት አብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ከስኔክ ወንዝ ሸለቆ ነው። ምክንያቱ ውሃው ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር ፈልቆ ይወጣል፣ ክረምት ከበጋ 15 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ያለ ፓምፕ በራሱ ቁልቁለት በሲሚንቶ ገንዳዎች ውስጥ አልፎ ወንዙ ይገባል።

ትራውት ሥጋ በል ነው። በተፈጥሮው ነፍሳት ይበላል፣ ትንንሽ ዓሣ ይበላል። አንጀቱ አጭር ነው፣ ስታርችና ገለባ ነገር አይስማማውም። እንደኛ ቆሮሶ አይደለም፤ ቆሮሶ አልጌ ሳይቀር እየበላ ያድጋል፣ አንጀቱም ረጅም ነው። ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? ዛሬ ይህ ሥጋ በል ዓሣ የሚበላው መኖ አብዛኛው ከእርሻ የመጣ ነው። አኩሪ አተር፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ አተር፣ የጎመን ዘር ዘይት። ትራውት በዚህ ካደገ ቆሮሶና አምባዛ ያለ ፔሩ ዱቄት አያድጉም የሚለኝ ሰው ምክንያቱን ያስረዳኝ።

ፔሩ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ድሮ የትራውት መኖ ግማሽ ያህሉ የዓሣ ዱቄት ነበር። ከዓለም የዓሣ ዱቄት ትልቁ ድርሻ የሚሠራው ደግሞ ፔሩ ጠረፍ ላይ ከሚጠመድ አንቾቬታ ከሚባል ትንሽ ዓሣ ነው። ኤልኒኞ መጥቶ ባሕሩ ሲሞቅ አንቾቬታው ይጠፋል። በ1972 እና 73 እንዲህ ሆኖ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የዓለም የመኖ ገበያ ተናወጠ። በ2023 ደግሞ ፔሩ የዓመቱን የመጀመሪያ ትልቅ የማስገር ወቅት እንዳለ ሰረዘችው፣ መረብ ውስጥ የሚገባው ያልደረሰ ጫጩት ስለበዛ። ዋጋው ሰማይ ነካ። ኖርዌይን እንኳ እዩ፣ ባሕር ላይ የተቀመጠች ሀብታም አገር ናት፤ የሳልመን መኖዋ በ1990 ወደ 90 በመቶው ከባሕር ነበር፣ በ2020 ወደ 22 በመቶ አውርዳዋለች። ባሕር ያለው ሰው ከዓሣ ዱቄት እየሸሸ እኛ ወደብ የሌለን፣ ዶላር በወረፋ የምናገኝ ሰዎች ወደሱ የምንሮጥበት ምክንያት አይታየኝም።

እሺ፣ ታዲያ ፋጉሎና ፉርሽካ መበተን ምን ችግር አለው?

ዓሣ የሚፈልገው የዓሣ ዱቄትን አይደለም፣ በውስጡ ያሉትን ነገሮች ነው። ትራውት ከመኖው 40 በመቶ ገደማው ፕሮቲን እንዲሆንለት ይፈልጋል። ፕሮቲን ስንል ደግሞ አንድ ነገር አይደለም፤ ላይሲን፣ ሜታዮኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች እያንዳንዳቸው በልካቸው መገኘት አለባቸው። አንዱ ካነሰ የሌላው መብዛት ዋጋ የለውም። አኩሪ አተር ላይሲን አለው፣ ሜታዮኒን ያንሰዋል። ሰሊጥ ተቃራኒው ነው። እናቶቻችን ሽሮን በእንጀራ ሲያቀርቡ የሠሩት ነገር ይኸው ነው፤ ጥራጥሬው የጎደለውን እህሉ ይሞላል። ኑግ ፋጉሎ ብቻውን ፕሮቲኑ ከ30 በመቶ በላይ ነው፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው። ግን ላይሲኑ ያንሳል፣ ገለባው ይበዛል። ገለባውን ዓሣ አይፈጨውም፣ እንዳለ ወጥቶ ኩሬውን ያቆሽሻል። በሬ ሲያደልብ ስላየነው ዓሣም ያደልባል ማለት አይደለም፣ በሬ አራት ክፍል ያለው ሆድ አለው።

ትራውት ላይ የተገኙትን እንቅፋቶች ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቹ እኛንም ይመለከታሉ። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለው፣ በሙቀት መገደል አለበት። ከመጠን በላይ ከተቃጠለ ደግሞ ላይሲኑ ይጠፋል፣ ስለዚህ ዘይት መጭመቂያው ላይ ያለው ሰው ሙቀቱን ካላወቀ መኖ ሠሪው ምንም ማድረግ አይችልም። በደንብ የበሰለ አኩሪ አተርም ቢሆን ሲበዛ የኋለኛውን አንጀት ያቆስላል፤ ሳልመን ላይ ይብሳል፣ ትራውትም አያመልጥም። ሳፖኒን የሚባለው ነገር ነው ተጠያቂው። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አኩሪ አተሩን በአልኮል አጥበው ፕሮቲኑ 65 በመቶ የሚደርስ ዱቄት የሚያወጡት። ፈረንሳዮች በዚህ ዓይነት ዱቄት የዓሣ ዱቄትን ሙሉ በሙሉ ተክተው ትራውት ማሳደግ እንደሚቻል ያሳዩት በ1995 ነው። ሠላሳ ዓመት ሆነው! የበቆሎ ግሉተንም ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ግን ሲበዛ የዓሣውን ሥጋ ቢጫ ያደርገዋል፣ ገዢ አይወደውም። በዕፀዋት ብቻ በተሠራ መኖ ላይ ደግሞ ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ጨመር ሲደረግ ትራውቱ እድገቱ ይሻሻላል፤ ታውሪን ዓሣ ዱቄት ውስጥ በተፈጥሮ አለ፣ ዕፀዋት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ፎስፈረስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጣና ላይ የሆነውን ያየ ሰው ይገባዋል። እህልና ቅባት እህል ውስጥ ካለው ፎስፈረስ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፋይቴት በሚባል መልክ የታሰረ ነው። ዓሣው ሊፈታው አይችልም፣ እንዳለ ያወጣዋል። ስለዚህ ዓሣው ፎስፈረስ እየጎደለው ውሃው በፎስፈረስ ይሞላል። እዚህ ስኔክ ወንዝ ውስጥ አረንጓዴ ነገር እየበዛ አስቸግሮ እርባታዎቹ የሚለቁት ፎስፈረስ በሕግ ተገድቧል፤ የመኖ አሠራሩን ከቀየሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። መፍትሔው ፋይቴቱን የሚፈታ ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሙቀት ይገድለዋል፣ ስለዚህ መኖው ከማሽኑ ወጥቶ ከበረደ በኋላ ነው የሚረጨው። እምቦጭ በያዘው ሐይቅ ላይ ኬጅ (ውሃ ውስጥ የሚተከል የዓሣ ማርቢያ መረብ) ተክለን ያልታከመ ፋጉሎ ብንበትን እምቦጩን መቀለብ ነው የሚሆነው። ሐይቅ ላይ ፈቃድ የሚሰጥ አካል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መኖው ምንድን ነው ብሎ ነው።

ሌላው የገረመኝና የማደንቀው ሥራ ዝርያ መምረጥ ነው። እዚሁ ሃገርማን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ የአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ምርምር ጣቢያ አለ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎችም አብረው ይሠራሉ። እነዚህ ሰዎች መኖውን ለዓሣው ከማስተካከል አልፈው ዓሣውንም ለመኖው አስተካከሉት። ከ2000 ገደማ ጀምሮ ትራውቶቹን በዕፀዋት መኖ እየመገቡ፣ በሱ በደንብ ያደጉትን እየለዩ እያራቡ፣ ትውልድ በትውልድ ቀጠሉ። ያ ዘር ዛሬ አኩሪ አተር የበዛበት መኖ በልቶ ጥሩ ያድጋል፣ አንጀቱም እንደ ሌላው አይቆጣም። ቆሮሶ የኛ ወንዝና ሐይቅ ዓሣ ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚያረባው የናይል ቆሮሶ ዘሩ እኛ ዘንድ ነው ያለው። በኛው ፋጉሎ የሚያድገውን እየለዩ ማራባት የማይቻልበት ምክንያት የለም። ጊዜ ይወስዳል እንጂ እጅግ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ የምወደው ነገር አለ። የዓሣ ዘይት የሚፈለገው ኦሜጋ 3 ስላለው ነው። ትራውት የወንዝ ዓሣ በመሆኑ ከብዙ የባሕር ዓሦች በተሻለ ተልባ ውስጥ ያለውን አጭሩን ኦሜጋ 3 ዓሣ ዘይት ውስጥ ወዳለው ረጅሙ መቀየር ይችላል። የተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ይህ ነገር ነው። ተልባ! ቆልተን ወቅጠን በውሃ በጥብጠን የምንጠጣው። ግን ማጋነን አልፈልግም። በ2015 ይፋ የሆነ የፈረንሳይ ጥናት ላይ ትራውት ከመጀመሪያ ጉርሱ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም የባሕር ነገር በሌለበት መኖ አድጎ እንቁላል ጥሏል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ዓሦቹ ሲያንሱ እንቁላላቸውም አንሷል። ለዚህ ነው ብዙ አርቢ የዓሣ ዘይትን ወይም የአልጌ ዘይትን ትንሽ የሚተወው፣ አንዳንዱም ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ላሉት ሳምንታት ብቻ የሚሰጠው።

ደግሞ ግብጦ አለ። እኔ የአዊ ልጅ ነኝ፣ ግብጦ ሲታጠብ እያየሁ ነው ያደግኩት። ተቆልቶ ወንዝ ውስጥ ቀናት ይነከራል፣ ምሬቱ ይወጣል፣ ከዚያ ከጠላና ከአረቄ ጋር ይቀርባል። እዚህ መጥቼ የሥራ ወረቀት ላይ ሉፒን የሚለውን ሳይ ግብጦ መሆኑን ሳውቅ ደነገጥኩ ብላችሁ ታምናላችሁ? አውሮፓና አውስትራሊያ ውስጥ ምሬት የሌለው ዝርያ ለዓሣ መኖ ይውላል። ትራውት ላይ ተሞክሮ በብዛት ተስማምቶታል። አኩሪ አተር ያለው ፕሮቲን የሚከለክል ነገር ግብጦ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። ደካማ መሬት ላይ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፣ አፈሩንም ያድሳል። የኛ ግብጦ መራራ መሆኑ ነው ችግሩ። ምሬቱ ካልወጣ ዓሣው መኖውን ጎርሶ ይተፋዋል። ይህ ሊሠራበት የሚገባ ነገር ነው፤ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልና ባሕር ዳር ያሉ ሰዎች ቢይዙት ምኞቴ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ላይ ደረስኩ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተሟልቶ አንድ ነገር ካልተስተካከለ ሁሉም ከንቱ ነው። ሻጋታ።

በ1960 አሜሪካ ውስጥ በእርባታ ያሉ ሬይንቦ ትራውቶች ጉበታቸው በዕጢ ተሞልቶ ተገኘ። አንድ ሁለት ቦታ አይደለም፣ በየግዛቱ። ጊዜው አርቢዎች ጥሬ ጉበትና ሥጋ ፈጭቶ ማብላቱን ትተው ወደ ደረቅ እንክብል መኖ የገቡበት ነበር። በሽታ ነው ተባለ፣ ተላላፊ ነው ተባለ። በኋላ ሲጣራ ምክንያቱ መኖው ውስጥ የገባው የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ፋጉሎው ሻግቶ ነበር፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ አምርቷል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የተርኪ ጫጩቶች በሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ አለቁ፣ መርዙ የታወቀው በዚያ ነው። ጥጥ ፍሬው ላይ ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ ነበረበት፤ ዘይቱ ውስጥ ያሉ አንዳንድ አሲዶች መርዙ ካንሰር የማምጣት ኃይሉን እንደሚጨምሩት ኦሪገን ያሉ ተመራማሪዎች በኋላ አሳዩ።

ትራውት ለዚህ መርዝ ከሚታወቁት እንስሳት ሁሉ እጅግ ስሱ ነው። መኖው ውስጥ ከቢሊዮን አንድ እጅ በታች ቢሆን እንኳ ለረጅም ጊዜ ከበላው ዕጢ ያወጣል። ከቢሊዮን አንድ እጅ ማለት በአንድ ሺህ ቶን መኖ ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። ቆሮሶና አምባዛ የበለጠ ይችላሉ፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን መቻላቸው ራሱ ያስፈራኛል፤ ትራውት ይታመምና ያስታውቅብሃል፣ ቻዩ ዓሣ ግን ዝም ብሎ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ገበሬው መርዙን ሳይሆን ጫጩቱን ይወቅሳል።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው እንዳትሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ባለው የወተት አካባቢ የተሠራ ጥናት በ2016 ታትሟል። ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች አውሮፓ ከሚፈቅደው መጠን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ዘጠኝ! መርዙ ወደ ወተቱ የገባው በመኖው ነው፣ ዋናው ምንጭ ተብሎ የተለየውም የኑግ ፋጉሎ ነው። ያው ፋጉሎ ነው አሁን ለዓሣ ይሁን የምንለው። ኑጉን አልወቅስም፣ ኑግ ምን አደረገ። ያልደረቀ ፍሬ ይከዘናል፣ ፋጉሎው መሬት ላይ ይከመራል፣ ዝናብ ይነካዋል፣ ወራት ይቀመጣል። ነጋዴው የላይ የላዩን ጠርጎ ይሸጠዋል።

ይህን መርዝ ደግሞ ማብሰል አያጠፋውም። መኖ የሚያበስለው ማሽን ሻጋታውን ይገድላል እንጂ መርዙን በሙሉ አያጠፋም። ሻጋታው ሳይታይ መርዙ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ በዓይን አይቶ፣ አሽትቶ ይህ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። እኔ የምሠራበት ቦታ እህልና ፋጉሎ የጫነ መኪና መጥቶ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ሳይታወቅ አይራገፍም። መመርመሪያው እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለ ወረቀት ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል፣ ትልቅ ላብራቶሪ አይጠይቅም። ከከረጢቱ አፍ ብቻ እፍኝ ወስዶ መመርመር ግን ዋጋ የለውም፤ መርዙ በአንድ ጥግ ተከማችቶ ሌላው ንጹሕ ሊሆን ስለሚችል ከብዙ ቦታ፣ ከታችም ከመሐልም መቅዳት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ጸሐፊው የዓሣ ዱቄት ማስገቢያ ዶላር ይፈቀድ ብለው የጠየቁትን እኔ በሌላ እተካዋለሁ። ያ ዶላር ለመመርመሪያ ወረቀት፣ ለላይሲንና ሜታዮኒን፣ ለፋይቴዝ ይዋል። እነዚህ በቶን መኖ ውስጥ በኪሎና ከዚያ በታች የሚገቡ ነገሮች ናቸው፣ ዱቄቱ ግን በኩንታል ነው። ቀሪው ከኛው ይወጣል። የመተከል አኩሪ አተር አለ። ሰሊጡን እንዳለ ወደ ውጭ ከምንልክ ዘይቱን እዚህ ጨምቀን ፋጉሎውን ማስቀረት ይቻላል። የቢራ ፋብሪካ አተላ አለ፣ ዛሬ ከብት አርቢ ብቻ ነው የሚሻማበት። የዘይት ፋብሪካዎችም ፋጉሎን እንደ ትራፊ ማየት ትተው መሬት ሳይነካ፣ በርብራብ እንጨት ላይ፣ ዝናብ በማይደርስበት መጋዘን ያስቀምጡት፤ የተመረመረውን ፋጉሎ በተሻለ ዋጋ ይሽጡት፣ ገበሬው ልዩነቱን ካየ ይከፍላል።

ለጋዜጣችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ስለ ዓሣ ስትጽፉ ጋዜጠኛችሁ የዓሣ ዱቄት አስመጪ ቢሮ ከመሄዱ በፊት ሁለት ሦስት ዘይት መጭመቂያ ቤቶች ይሂድ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ዝናቡ ሲበረታ። ፋጉሎው የት ነው የተከመረው፣ ስንት ቀን ሆነው፣ ማን መረመረው ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን እንዳለ አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአይዳሆ